ፋይላችን ሁለተኛ ነበር



ዛሬ አንድ ጥፋቴን ልነግራችሁ ነው። እስካሁን የሚያውቁት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችና ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሰሞኑን ግን ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት ብዙዎች ይጠይቁኛል። ክርስቲያን ሥልጣን ላይ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ? መንግሥት ስለ ሃይማኖት አዋጅ ሲያወጣ ዝም እንበል ወይስ እንናገር? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከመጽሐፍ ብቻ መመለስ እችል ነበር። ነገር ግን ጌታ ልቤን ስለ ወቀሰኝ ከራሴ እጀምራለሁ። የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠራም፤ ከአርቦዬ ብዙ ሳንርቅ የሆነ ነገር ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን የመቃብር ቦታ የላትም። የአምልኮ አዳራሻችን በቆርቆሮ ተሠርቶ ቆሟል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰው ሲሞትብን ግን ሬሳውን አይሱዙ ላይ ጭነን ሁለት ሰዓት ተጉዘን በሌላ ከተማ የወንጌላውያን መቃብር እንለምናለን። ማመልከቻ ካስገባን ሰባት ዓመት አልፎናል። በየጊዜው ኃላፊ ይቀየራል፣ ፋይሉ ይጠፋል፣ እንደገና ኮፒ አድርገን እናስገባለን። በክረምት መንገዱ ሲበላሽ ለቀስተኛው በጭቃ እየወረደ መኪና ሲገፋ አይቻለሁ። የሞተባትን እናት ይዛችሁ እንዲህ ስትሆኑ ምን እንደሚሰማ ያየ ያውቀዋል።

በ2017 ዓ.ም. አንድ ከልጅነቱ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያደገ ወንድም የቦታ ጉዳይ በሚወሰንበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቢሮዬ ገቡ። ደስታ በፊታቸው ላይ ይነበባል። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ፓስተር፣ እግዚአብሔር በሩን ከፈተ እኮ። ጊዜው የእኛ ነው። ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በ2005 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ዐቢይ አሕመድ በ2010 መጣ፤ አሁን ደግሞ እዚህ እኛ ጋ ደረሰ። አንድ ቃል ብትነግረው ይበቃል» አለኝ። ሌላው ደግሞ አንድ ቁራጭ መሬት እንዳለ፣ ከመንገዱ ጥግ፣ ለመቃብር የሚመች እንደሆነ ነገረኝ። ያንኑ ቦታ ሙስሊሞቹም እንደ ጠየቁት አከለ፤ ግን ያንን ያለው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

እኔ፣ «እንጸልይበት» አልኩ። ጸለይንም። ወገኖቼ፣ አንዳንድ ጊዜ «እንጸልይበት» የምንለው ልባችን አስቀድሞ የወሰነውን ለመባረክ ነው። የእኔም እንደዚያ ነበር።

ለምን ልቤ እንደ ቸኮለ እንድትረዱልኝ ወደ ኋላ ልመለስ።

አባቴ የተወለደው አርቦዬ ነው። ወጣት ሳለ ሥራ ፍለጋ ወደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ወርዶ ወንጌልን የሰማው እዚያ ነበር። ሲመለስ ሰፈሩ «ጴንጤ ሆኖ መጣ» አለው። ያኔ ደርግ ነበር። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በመላው አገሪቱ ተዘግታ መሪዎቿ ታስረው ስለነበር፣ አባቴና ሦስት ወንድሞች የሚጸልዩት ሌሊት በቤታችን ጓዳ፣ መብራት አጥፍተው ነው። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ውሻው ሲጮኽ ታስላለች። ያ ሳል ምልክታቸው ነበር።

አባቴ በ1976 ዓ.ም. በአጭር ሕመም ሞተ። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከእድር ቀደም ብሎ ተሰርዟል። ቅጥር ግቢው ውስጥ ይቀበር ዘንድ ዘመዶቻችን ካህኑን ቢለምኑ፣ እምነቱን የተወ ሰው እዚህ አይቀበርም ተባሉ። ዛሬ ሳስበው ካህኑን አልወቅሳቸውም፤ ሥርዓታቸው ነው፤ ቦታውም የምእመናናቸው ነው። ወደ ሹሞቹ ሲኬድ ደግሞ፣ «ለመጤ ሃይማኖት የሚሰጥ መሬት የለም» የሚል መልስ መጣ። ሬሳው ቤት ውስጥ አደረ። በማግስቱ ፀሐዩ ከፍ እያለ ሲሄድ እናቴ ማልቀሷን ትታ ዝም ብላ መቀመጧን አስታውሳለሁ። ያ ዝምታ ከልቅሶው ይልቅ አስፈራኝ።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ሐጂ መጡ። ሁላችንም በስማቸው ሳይሆን «ሐጂ» ብለን ነበር የምንጠራቸው። ነገሩን ሰሙና ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ «ከጤፍ ማሳዬ ዳር፣ ከግራሩ ሥር ይቆፈር» አሉ። አጎቴ ፈራ። «ሐጂ፣ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ይጠይቁዎታል» አላቸው። እሳቸው ሲመልሱ፣ «መሬቱ የመንግሥት ነው ይላሉ፤ ሬሳው ግን የጎረቤቴ ነው» አሉ። ልጆቻቸው ቆፈሩ። ሦስቱ ወንድሞች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። ሐጂ ከሰዎቻቸው ጋር ፈንጠር ብለው፣ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ቆመው ጠበቁ። ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችንም ማታ ማታ ንፍሮና ቡና ይዘው ለቅሶ ይደርሱን ነበር። ሕጉ ዘግቶብን ነበር፤ ጎረቤት ግን አልዘጋብንም።

እንግዲህ የመቃብር ቦታ ሲነሣ በእኔ ልብ ውስጥ የሚነሣው ይህ ነው። ነገሩ የአንድ አርቦዬ ሰፈር ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ግን አድጌ ነገረ መለኮት ኮሌጅ ስገባ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለእርሷ የሕግ ሰውነት ሰጥቶ፣ ሌሎቹ ሃይማኖቶች ወደፊት በሚወጣ ልዩ ሕግ ይተዳደራሉ ብሎ አለፈ። «ወደፊት» የሚለው ቃል ለብዙዎች የዕድሜ ልክ ሆነ። የሙሉ ወንጌል አማኞች በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ቢያመለክቱ ተከለከሉ፤ በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ሲያመልኩ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ታሰሩ። ሙስሊም ወገኖቻችንም በገዛ አገራቸው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለእኩልነት ታላቅ ሰልፍ ሲያደርጉ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ይህን ታሪክ ለወጣቶቻችን ስነግራቸው ይደነቃሉ።

ደርግ መጥቶ ሃይማኖትና መንግሥት ተለያይተዋል፣ ሃይማኖቶችም እኩል ናቸው አለ። የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ብዙዎቻችን እልል አልን። ብዙም ሳይቆይ ግን እኩልነቱ የመከራ እኩልነት ሆነ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ሁለቱ አባቶች በሕይወት ሳሉ በአንድ መሠዊያ አልቆሙም፤ አንድ መንግሥት ግን በአንድ ክረምት ገደላቸው። ይህን ሳስብ፣ የወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ስትነካ «የእኔ አይደለችም» ማለት ያሳፍረኛል።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ እኔ ተማሪ ነበርኩ። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደነገገ። አንቀጽ 27 የእምነትና የአምልኮ ነጻነትን፣ ሃይማኖት የመቀየር መብትንም ጨምሮ አረጋገጠ። በማደሪያችን አንድ ጋዜጣ ለስምንት ሆነን ስናነብ፣ እኔ የአባቴን መቃብር አስቤ ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ሕግ በወረቀት ከሚለያየው ይልቅ በኑሮ የሚያገናኘው ይበዛል። በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ለአምልኮ ቦታና ለመቃብር መንግሥትን መጠየቋ የግድ ነው። አንቀጽ 11 ያለያያቸው ሁለቱ በመሬት ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ይገናኛሉ። የሃይማኖት እኩልነት የሚፈተነው በፓርላማ ንግግር ብቻ አይደለም፤ የማን ፋይል ከላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ጠረጴዛ ላይም ነው።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ያን ወንድም ቡና ጠራሁት። ባለቤቴ ቡናውን አቀረበች፤ ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነገሩን አነሣሁ። በጥበብ የተናገርኩ መሰለኝ። አስቴርን ጠቀስኩለት፤ ለዚህ ጊዜ ይሆናል ወደዚህ ሥልጣን የመጣኸው አልኩት። ሲኒውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማን ሆነው ነው የሚጠይቁኝ? እንደ ፓስተሬ ከሆነ እምቢ ማለት ይከብደኛል። እንደ ባለጉዳይ ከሆነ ግን ወረፋ አለ። የእናንተ ፋይል ሁለተኛ ነው።»

እኔም ተሸንፌ ላለመታየት፣ «አንደኛው የማን ነው?» አልኩ። የሙስሊሞቹ መሆኑን ነገረኝ። ማመልከቻውን የፈረሙትን ሰዎች ሲዘረዝር አንዱ የሐጂ የልጅ ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙም አላስታውስም። እርሱ ሲወጣ እጄን ጨብጦ፣ «ይጸልዩልኝ» አለኝ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴን ከግራሩ ሥር ያሳረፈውን ሰው ዘር፣ ለሙታናቸው የጠየቁትን መሬት ሊቀማ የሄደው እኔ ነበርኩ። ይህንንም በጸሎት ጀምሬ፣ በአስቴር ታሪክ አስደግፌ። አስቴር እኮ ወደ ንጉሡ የገባችው ሕዝቧ ከሞት እንዲድን እንጂ ከጎረቤቷ መሬት እንድትወስድ አልነበረም። ቃሉን ለገዛ ፍላጎቴ አጣምሜው ነበር።

ከዚህ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴን በሌላ ዓይን አነበብኩት። ሮሜ 13ን ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ ሹም የእግዚአብሔር አገልጋይ መሆኑን፣ ለመልካም እንደ ተሾመ። ግን ለማን መልካም? ጳውሎስ «ለአማኞች ብቻ» አላለም። ሹሙ ለሁሉም የተሾመ ከሆነ፣ እኔ ለራሴ ወገን ብቻ እንዲያደላ ስጠይቀው ከእግዚአብሔር አገልግሎት ላይ እየሰረቅሁት ነው። በዘሌዋውያን 19፡15 ጌታ በፍርድ ጊዜ ለድሀም ለባለ ጠጋም እንዳይደላ ያዝዛል። ለምእመን ይደላ የሚል ቃል አላገኘሁም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ባለ ሥልጣናት ሁሉ እንድንጸልይ የታዘዝነው ጸጥታና ሰላም ያለበት ኑሮ እንድንኖር ነው። እኛ ግን ጸጥታውን ትተን ቅድሚያውን መለመን ጀምረናል።

በሌላ በኩል ደግሞ ዝም ማለት ብቻ መንፈሳዊነት እንዳይመስለን። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ሲገረፍ ዜግነቱን አንሥቶ ሹሞቹን ጠይቋል (ሐዋ. 16)፤ በቂሣርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25)። ለሰው ከመታዘዝ ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ የሚገባበትም ሰዓት አለ፤ ሐዋርያት በሸንጎ ፊት ይህንኑ ተናግረው ተገርፈዋል (ሐዋ. 5)። ሕግን ተጠቅሞ መብትን መጠየቅና ዘመድን ተጠቅሞ ቅድሚያ መውሰድ ግን ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። የመጀመሪያው ለጎረቤቴም በር ይከፍታል። ሁለተኛው የጎረቤቴን በር ይዘጋል።

ዓለምን ብንመለከት ትምህርቱ ይበዛል። በእንግሊዝ ጆን በንያን ያለ ፈቃድ በመስበኩ 12 ዓመት ታስሯል፤ ያሰረው መንግሥት የራሱ የሆነች ቤተ ክርስቲያን የነበረችው ክርስቲያን መንግሥት ነው። ሮጀር ዊልያምስ የተባለ ሰባኪ ከማሳቹሴትስ ተባርሮ እ.ኤ.አ. በ1636 ፕሮቪደንስን ሲመሠርት፣ መንግሥት የማንንም ሕሊና እንዳያስገድድ ይከራከር ነበር። ያባረሩትም አማኞች ነበሩ። ጎረቤታችን ኤርትራ በግንቦት 1994 ዓ.ም. ከአራት በቀር ሌሎች የሃይማኖት ተቋማትን ዘግታ ብዙ ወገኖቻችን ለዓመታት በእስር ማቀዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ሰባኪዎች የነገረ መለኮት ዲግሪ እንዲኖራቸው ጠይቃ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ዘግታለች። እዚያ የሐሰት ነቢያት ሕዝቡን ስለ ዘረፉ ሕጉን ያመሰገኑ አማኞችም አሉ። እኔ ዲግሪ ቢኖረኝም፣ ጓዳ ውስጥ በጨለማ የጸለየው አባቴ ግን አንድ ወረቀት አልነበረውም።

በአገራችንም ጥያቄው ሕያው ነው። በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሞች መንግሥት በእምነታቸው ጣልቃ ገባ ብለው «ድምፃችን ይሰማ» ሲሉ፣ ከመካከላቸው መሪዎቻቸው በፀረ ሽብር ሕግ ተከስሰው ታስረዋል። ያኔ ስንቶቻችን ስለ እነርሱ ጸለይን? በጥር 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተደርጎ ውዝግብ ሲነሣ በሻሸመኔ ሰው ሞተ። በዚሁ በአርሲያችን በሽርካ ወረዳ በኅዳር 2016 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ምእመናን ተገደሉ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ልጃገረዶች ከትምህርታቸው ተስተጓጉለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እነዚህ ሁሉ «የእኛ» አይደሉም ካልን፣ የእኛ የሚሆነው መቼ ነው?

ለእኛ ለወንጌላውያን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ የሕግ ሰውነት አግኝቷል፤ የሙስሊሞቹም ጠቅላይ ምክር ቤት በዚያው ዓመት አግኝቷል። ከ1952 ጀምሮ «ወደፊት» የተባልነው ከ60 ዓመት በኋላ ደረሰ ማለት ነው። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ነገር ግን አባቶቻችን ለዚህ የታገሉት ከበታችነት ወጥተን እኩል እንድንሆን ነው። ከበታች ወደ በላይ ተሻግረን ሌላውን እንድንረግጥ ከሆነ፣ የተቀየረው ረጋጩ ብቻ ነው። የሃይማኖት ጉዳዮችን የሚመለከት ረቂቅ አዋጅም በሰላም ሚኒስቴር ተዘጋጅቶ ውይይት ሲደረግበት ቆይቷል። ስለ ረቂቁ የሚጠይቁኝን ወንድሞች እኔ የምመልስላቸው አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱን አንቀጽ ስታነቡ፣ ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው ሰው የእኔን እምነት የማይወድ ቢሆንስ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ ደግሞ፣ የሚያስፈጽመው የእኔ ወገን ሆኖ የሚፈጸምበት ጎረቤቴ ቢሆንስ ብላችሁ ድገሙት። ሁለቱንም ካለፈ መልካም ሕግ ነው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የአባቴንም የቀብር ታሪክ። ሁለቱ አለቀሱ። አንዱ ግን በጣም ተቆጣ። «እነርሱ ቢሆኑ ይሉኝታ የሚይዛቸው ይመስልሃል?» አለኝ። እኔም፣ «ሐጂን ይዟቸዋል» አልኩት። መልሱ አላረካውም፤ ከሽማግሌነቱ ወረደ። እስከ ዛሬ ሳገኘው ሰላም እንባባላለን፤ ያለፈው ቅርርብ ግን የለም። ይህ ያመኛል።

ከዚያ ወደ ሐጂ የልጅ ልጅ ቤት ሄድኩ። ያሰብኩትን ሳልደብቅ ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ፣ «አያቴ ከመሞታቸው በፊት ያቺን ግራር እንዳትቆርጧት ብለውናል። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም ነበር» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

ቦታው በወረፋው መሠረት ለእነርሱ ተሰጠ። እኛ አሁንም እየጠበቅን ነው። ማመልከቻችንን በካውንስሉ በኩል በደብዳቤ አጠናክረን አስገብተናል፤ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ይዘናል፤ መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠን ጠይቀናል። ካልሆነ ደግሞ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት መብታችን ነው። ይህም የጽድቅ ሥራ ነው። ወጣቶቻችን በሕጋዊ መንገድ መጠየቅን እንዲማሩ እፈልጋለሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን አረፉ። ለ30 ዓመት የቤተ ክርስቲያን ወለል የጠረጉ እናት። ዝናቡ ስለ በረታ መኪናው ከግማሽ መንገድ አልሄድ አለ። ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው ጭቃውን ተሻገሩ። ከመቃብር ስንመለስ ልጃቸው ወደ እኔ ቀረበ። ነገሩን ሰምቷል። «ፓስተር፣ ያኔ ያንን አንድ ቃል አጥብቀው ቢናገሩ እናቴ ዛሬ ከቤቷ አጠገብ ታርፍ ነበር» አለኝ።

ምን ልበለው? ስለ አንቀጽ 11 ላስረዳው? ስለ ሮሜ 13 ልስበክለት? እቅፍ አድርጌው አብሬው አለቀስኩ። ልክ ነው፤ እናቱ ቅርብ ያርፉ ነበር። ጽድቅ ዋጋ የማያስከፍል ነው ብሎ ያስተማራችሁ ካለ አታሎአችኋል። እኔም ዋጋውን ብቻዬን ከፍዬው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የከፈለው ግን እርሱ ነው። በዚህ ጉዳይ እስከ አሁን ልቤ ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ውሳኔዬን ግን አልቀይረውም።

የሚገርመኝ፣ ጌታችን ራሱ የተቀበረው በሰው መቃብር ነው። የአርማትያሱ ዮሴፍ ከሹሙ ከጲላጦስ ፈቃድ ለምኖ፣ በራሱ መቃብር አኖረው። የሰማይና የምድር ጌታ ለሬሳው ሦስት ክንድ መሬት ተለመነለት። እኛም በሰው አገር መቃብር ስንለምን እርሱ ያለፈበትን መንገድ እያለፍን ነው። በሦስተኛው ቀን የሆነውንም እናውቃለን፤ አባቴም ከግራሩ ሥር የሚጠብቀው ያንን ቀን ነው።

ወገኔ፣ ምናልባት አንተም በቀበሌ፣ በወረዳ፣ በፍርድ ቤት ጠረጴዛ ትቀመጥ ይሆናል። ፓስተርህ እንደ እኔ ስቶ ቢመጣብህ፣ እንደዚያ ወጣት በአክብሮት «ወረፋ አለ» በለው። ያን ቀን ፓስተሩን ታድነዋለህ። እህቴ ሆይ፣ አንቺ ደግሞ ጠረጴዛው ፊት ለፊት የምትጉላላ ባለጉዳይ ከሆንሽ፣ አትፍሪ፤ መብትሽን በሕግ ጠይቂ፤ ግን ከአንቺ በፊት የተሰለፈውን ሰው ፊት ተመልከቺ። እምነታችንን ገና የምትፈልጉ፣ ይህን ጽሑፍ በአጋጣሚ ያገኛችሁ ወዳጆችም፣ ክርስቲያኖች ስንሳሳት አይታችሁ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልን። ጌታችን እኛን አይመስልም፤ እኛ ግን እርሱን እንድንመስል ዕለት ዕለት ይሠራብናል።

አብረን እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በአገራችን በሥልጣን ላይ ላሉት ሁሉ የማያዳላ ልብ ስጣቸው። በእምነታቸው ምክንያት የሚሞቱትን፣ የሚታሰሩትን፣ የሚጉላሉትን አስብ። ቤተ ክርስቲያንህን ከበታችነት ፍርሃት፣ ከበላይነትም ምኞት አድናት። ሙታናችንን በክብር የምናሳርፍበትን ቦታ በጊዜህ ስጠን፤ እስከዚያ ግን የጎረቤታችንን ድርሻ ከመመኘት ጠብቀን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።